የዓሣው አፍና የድርጅቱ መዝገብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ በአንድ የንግድ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነው። ባለቤቱ ጾም የማይሽር፣ ለአጥቢያችን ቆርቆሮ ሲያስፈልግ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ዘንድሮ ሒሳብ ስንዘጋ ከትርፋችን ከግማሽ በላዩን «የማማከር አገልግሎት» ብዬ ለወንድሙ ድርጅት እንዳስተላልፍ አዘዘኝ። የወንድሙ ድርጅት የግብር እፎይታ ስላለው ግብር አይከፍልም። የማማከር ሥራ ሲሠራ ግን አላየሁም። ስጠይቀው «ጠበቃ አይቶታል፣ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ደግሞ መንግሥት ወስዶ ምን ሊሠራበት ነው?» አለኝ። ሕግ ከፈቀደው ኃጢአት ይሆናል? ሌላው፣ ምርጫ ሲመጣ እርሱ የሚደግፈውን ሰው እንድንመርጥ ይነግረናል፤ «እርሱ ከገባ ለድርጅቱም ለእናንተም ይበጃል» ይላል። እኔ ከነአካቴው ባልመርጥ ይሻላል እያልኩ ነው። በጸሎትዎ ያስቡኝ።

መልስ፦ እኅታችን፣ መልእክትሽን ያነበብሁት ጠዋት በቅዱስ ጊዮርጊስ ኪዳን አድርሰን ስንወጣ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድ ብዬ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን አውጥተው ጨርሰዋል፤ አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ቀረሶ ይፍቃል። የአንዷን አፍ ፈልቀቅ ሲያደርገው እንቁላል ቀርቶበት አየሁ። የቀረሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። በገሊላ ባሕር «የጴጥሮስ ዓሣ» የሚሉትም ከእኛ ቀረሶ ወገን ነው። መልሴን ከዚያው ከዓሣው አፍ ብጀምርልሽ ቅር አትበይኝ።

በማቴዎስ 17 መጨረሻ ላይ ያለውን ታሪክ ታውቂዋለሽ። ከአራቱ ወንጌላውያን ይህን የጻፈው ማቴዎስ ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቀራጭ ነበር፤ የግብር ነገር ከዓይኑ አያመልጥም። በቅፍርናሆም ግብር ሰብሳቢዎቹ ጴጥሮስን «መምህራችሁ ሁለቱን ዲናር አይገብርምን?» አሉት። ይህ የሮም ግብር አልነበረም። በኦሪት ዘፀአት 30 ሃያ ዓመት የሞላው ሁሉ ለመቅደሱ አገልግሎት እንዲሰጥ የታዘዘው የሰቅል ግማሽ ነው፤ ባለጠጋው አይጨምር፣ ድሃውም አያጉድል የተባለለት። ጌታም ጴጥሮስን፣ የምድር ነገሥታት ግብር የሚቀበሉት ከልጆቻቸው ነው ወይስ ከሌላው? ብሎ ጠየቀው። «ከሌላው» ሲለው፣ «እንኪያስ ልጆቹ ነጻ ናቸው» አለ።

እዚህ ላይ ቆም በይ። የቤቱ ልጅ ለአባቱ ቤት ግብር እንዲከፍል የሚያስገድደው የለም። ከዚህ የበለጠ ሕጋዊ ነፃነት ከየት ይመጣል? ጠበቃም አያሻውም። ቀጥሎ ግን «ነገር ግን እንዳናሰናክላቸው» አለና ጴጥሮስን መቃጥን ጣል አለው፤ ከዓሣውም አፍ እስታቴር የሚባል ሳንቲም ወጣ። እስታቴር የሁለት ሰው ግብር ልክ ነው፤ የተረፈም የጎደለም የለም።

ስለዚህ «ሕጉ ይፈቅዳል» ለክርስቲያን የክርክር መዝጊያ አይሆንም። «እኔ ሳልከፍል ስቀር የሚሰናከለው ማነው?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል።

እንዳታምታቺው ግን። ድርጅት እውነተኛ ወጪውን በደረሰኝ ቢያስቀንስ፣ ያለፈ ዓመት ኪሳራውን ቢያሸጋግር፣ ፋብሪካ ተክሎ አዋጁ የሰጠውን እፎይታ ቢጠቀም ነውር የለበትም፤ ሕግ አውጪው አስቦ የሰጠው ነው። ሁለት መዝገብ መያዝና ሐሰተኛ ደረሰኝ መግዛት ደግሞ ስርቆት ነው፤ ለዚህ መምህር መጠየቅ አያስፈልግም። ያንቺ ጉዳይ በሁለቱ መካከል ያለ መስሎሻል።

እስቲ አንቺ በምታውቂው በቁጥር እንየው። የድርጅት የትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው። 10 ሚሊዮን ብር አተረፋችሁ እንበል፤ ግብሩ 3 ሚሊዮን ነው። 6 ሚሊዮኑ በማማከር ስም ወደ ወንድምየው ሲሻገር 4 ሚሊዮን ይቀራል፤ ግብሩም 1.2 ሚሊዮን ይሆናል። 1.8 ሚሊዮን ብር በአንዲት ወረቀት ተነነ። ያንቺ ደመወዝ ግን እጅሽ ሳይገባ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። የመጋዘን ዘበኛችሁም ሳሙና ሲገዛ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ እዚያው ሱቁ ላይ ይከፍላል። ለዘበኛው ቀዳዳ የሚፈልግለት ጠበቃ የለም። የሚሰናከለው እርሱ ነው።

ደግሞስ ሕጉ በእርግጥ ይፈቅዳል? የገቢ ግብር አዋጁ፣ ቁጥር 979/2008፣ ዝምድና ያላቸው ሰዎች ሲገበያዩ ዋጋው ባዕዳን ቢሆኑ በሚስማሙበት ልክ እንዲታይ ያዛል። ላልተሠራ ሥራ ባዕድ ሰው ስንት ይከፍላል? ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። እንግዲህ ያ ወረቀት ብልሃት እንኳ አይደለም፤ ሐሰት ነው፤ የሚፈረምበትም ያንቺ እጅ ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2016 እ.ኤ.አ. አፕል በአየርላንድ ያላግባብ የግብር ጥቅም አግኝቷል ብሎ 13 ቢሊዮን ዩሮ እንዲመልስ ወሰነ፤ የመጨረሻው ፍርድ የጸናው በ2024 ነው። እኔን የደነቀኝ ገንዘቡ አይደለም። የሚከፈላት አየርላንድ ራሷ ከኩባንያው ጎን ቆማ፣ አይከፈለኝም ብላ መከራከሯ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ሕጉን ብቻ ሳይሆን ሕግ አውጪውንም ወደ ራሱ ያጋድለዋል።

«መንግሥት ወስዶ ምን ሊሠራበት ነው?» ለሚለው፣ አሠሪሽ ከተናገረው ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። ግብር የሚባክንበትን፣ የሚሰረቅበትን ሁላችንም አይተናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የተረተ ሕዝብ ነን፤ ይህን ተረት ከአውደ ምሕረት ላይ ስንት ጊዜ እንደተቃወምሁት አትጠይቂኝ። ግን ጌታ ግብር የከፈለለትን መቅደስ አስቢ። ጥቂት ምዕራፍ አልፎ፣ በማቴዎስ 21፣ «የወንበዶች ዋሻ አደረጋችሁት» ብሎ ገበታ የገለበጠው በዚያው መቅደስ ነው። ሌቦች እንደነበሩበት እያወቀ ከፈለ፤ ከፍሎም ዝም አላለም። አሠሪሽ ግን ዝም ብሎ ቀረጥ ይሸሻል፤ ግብሩ የት ገባ ብሎ ሲጠይቅ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?

ስለ ቆርቆሮው አጭር ነገር ልበል። ዮሐንስ አፈወርቅ፣ ክርስቶስ በራብ እያለቀ ገበታውን በወርቅ ጽዋ ብትሞላ ምን ይጠቅመዋል ብሎ አስተምሯል። የሰበካ ጉባኤያችን ሰዎችም ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል። ስጦታ ሲመጣ እልል ከማለታችን በፊት ከየት መጣ ማለት ልማዳችን አይደለም።

ወደ ምርጫው ልምጣ። ማንን ምረጪ አልልሽም፤ ያንን የሚል አገልጋይ ካገኘሽ እርሱንም አትስሚው። አሠሪሽ የሚልሽንም እንደዚያው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ድምፅ በምስጢር እንደሚሰጥ ይደነግጋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ አንቺና እግዚአብሔር ብቻ ናችሁ። ብቻ ቃል አትግቢለት፤ ገብተሽ ከምታፈርሺ ዝም ማለት ይሻላል።

አለመምረጥ በራሱ ኃጢአት ነው ብዬ አልጭንብሽም። ምርጫ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አይደለም። ሆኖም ያንቺ ወረቀት ከሳጥኑ ሲቀር የአሠሪሽ ወረቀት ክብደት ይጨምራል። ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት ራሳቸው መሾም ሲችሉ «ከእናንተ ምረጡ» ብለው ለሕዝቡ ሰጡ (ሐዋ. 6)። ምን ሊሠሩ? መበለቶች በዕለት ምግብ ክፍፍል ተበደልን ብለው ስላጉረመረሙ ክፍፍሉን ሊያስተካክሉ። የጋራ እንጀራ ማን እንደሚያካፍል የሕዝቡ ጉዳይ ነበር። ዮቶርም ለሙሴ ሲመክረው ከዘረዘራቸው መስፈርቶች አንዱ «የግፍን ረብ የሚጠሉ» የሚል ነው (ዘፀ. 18፥21)። ዕጩው ሰፈራችሁ ሲመጣ መንገድ እሠራለሁ ከሚለው ይልቅ መኪናውን፣ ነዳጁንና አዳራሹን ማን እንደከፈለለት ጠይቂው። አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ኩባንያዎች ከካዝናቸው ለምርጫ ቅስቀሳ እንዲያወጡ ከፈቀደ ወዲህ እዚያም ክርክሩ አልበረደም። ለዕጩው በእጁ መስጠት አሁንም ክልክል ነው፤ ግን ወንዙ ሌላ መውረጃ አያጣም።

ሥራሽን ነገ ጥለሽ ውጪ አልልሽም። ለአሠሪሽ በጽሑፍ ስጪው፤ «የተሠራው ሥራ ሪፖርትና ውል ካልቀረበ ይህን ክፍያ መመዝገብ አልችልም» በይው። በሒሳብ ቋንቋ ይሁን፤ ስብከት አታድርጊው። ቅጂውን አስቀሪ። እምቢ ካለ አትፈርሚ። ከዚያ በፊት ግን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ፤ የቤት ኪራይሽንና የምታስተዳድሪያቸውን እርሳቸው ያውቃሉ፣ እኔ አላውቅም።

እኔም ንጹሕ ሆኜ አይደለም የምጽፍልሽ። ባለፈው ሰሞን ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንበር ልገዛ ሄጄ ሻጩ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለኝ። ልዩነቱን ሲነግረኝ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አተረፍሁ ብዬ ያለ ደረሰኝ በባጃጅ አስጭኜ መጣሁ። ጥያቄሽን ካነበብሁ በኋላ ልዩነቱን ከኪሴ ይዤ ተመለስሁ። ሻጩ ፈገግ አለና «መምህር፣ ማሽኑ ዛሬ አይሠራም» አለኝ። ሐሙስ እንድመለስ ነግሮኛል።