ለጥናት ብሎ የጀመረው ልጅ

ጥያቄ፦ የበኩር ልጄ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ዘንድሮ ለዕረፍት ሲመጣ ቀኑን ተኝቶ ይውላል፣ ሌሊቱን ሲንቆራጠጥ ያድራል፤ ሰውነቱም ከስቷል። አጥብቄ ስጠይቀው «ለፈተና ሰሞን ማንበቢያ ብዬ እቅማለሁ» አለኝ። መጠጥ እንደሚጠጣ ደግሞ ከእህቱ ሰማሁ። አባቱ «ከእንግዲህ ገንዘብ አልልክም፤ ትምህርቱንም ትቶ ሥራ ይፈልግ» ብሎ ቆርጧል። እህቱ በመጪው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስለምትገባ ስጋቴ እጥፍ ሆኗል። ምን ይመክሩናል?
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎ መቃሙን በራሱ አንደበት ነግሮዎታል፤ የደበቀው መጠጡን ነው። ብዙ ወላጆች ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ስለሚቆጥሩ፣ መጠጡን ሲሰሙ «ይሄ ልጅ ጭራሽ አለቀለት» ይላሉ። በተማሪዎች ዘንድ ግን መጠጡ ብዙ ጊዜ ጫቱን ተከትሎ የሚመጣ ነው፤ እንዴት እንደሚከተል ካልታወቀ ደግሞ ምክሩ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ፣ መንገደኛውን ሁሉ በሚያሳቅቅ ፍጥነት ለገበያ የሚደርሰው። ካቲኖን እንቅልፍን ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ተማሪውም ስላልተኛ ብቻ ያጠና ይመስለዋል። ነገር ግን አንጎል የተነበበውን አደላድሎ የሚያኖረው በእንቅልፍ ሰዓት ነውና፣ ሦስት ሌሊት ነቅቶ ያነበበ ልጅ ፈተና ላይ ሲቀመጥ መልሱ የነበረበት ገጽ ትዝ ይለዋል፣ መልሱ ግን አይመጣለትም። በዚህ ላይ ምርቃናው ከእኩለ ሌሊት በኋላም አልለቅ ሲል፣ አብረውት ሲቅሙ ያመሹት «ጨብሲ እንውጣ» ይሉታል። ጨብሲ ማለት ምርቃናን በመጠጥ መስበር ነው፤ ወላጆች ይህን ቃል ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። በመጠጥ የመጣ እንቅልፍ የተቆራረጠ ስለሆነ ጠዋት ድካም ይከተላል፣ ድካሙን ለማባረር ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንደገና በርጫ ይያዛል። ልጅዎ የገባው እዚህ አዙሪት ውስጥ ከሆነ፣ ጫቱ ሳይነካ መጠጡን ብቻ ማስተው፣ እንቅልፉም ሳይስተካከል ጫቱን ብቻ ማስተው አስቸጋሪ ነው። የዕረፍቱ ጊዜ ለዚህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ቀን ሲተኛ ዝም ብለው አይዩት፣ በጊዜ ይቀስቅሱት፣ ፀሐይ ላይ ይውጣ፣ የቤት ሥራም ያግዝዎ።

የባለቤትዎ ንዴት ይገባናል፤ ገንዘቡን ግን ጨርሶ ከመቁረጥ ይልቅ በወር የሚልኩትን ከፋፍለው በየሳምንቱ ቢልኩለት ይሻላል። ትምህርቱን ማስቆምን አንደግፍም። ቀኑ ባዶ የሆነ ወጣት ከበርጫ ቤት የሚያርቀው ጉዳይ የለውም። ባለቤትዎ ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ፈተና በሌለበት ሳምንትስ ትቅማለህ ወይ?» የሚል። መልሱ አዎ ከሆነ ነገሩ የጥናት መሆኑ ቀርቷልና፣ ልጁ ራሱ ይህን ሲናገር መስማቱ ከአሥር ተግሣጽ ይበልጥበታል።

ጫት ያቆመ ሰው ለተወሰኑ ቀናት ይዝላል፣ ይከፋዋል፣ በሌሊትም ቃሚዎች ዱካክ የሚሉት አስፈሪ ቅዠት ይመጣበታል። ብዙዎች ወደ ጫቱ የሚመለሱት ዱካኩን ሸሽተው ስለሆነ፣ የሚያልፍ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት። መጠጡ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና ሲጠጣ የሚረጋጋ ከሆነ፣ ቤት ዘግታችሁ በድንገት እንዳታስቆሙት፤ የሰውነት መንዘፍዘፍና ራስን መሳት ሊያመጣ፣ ለሕይወትም ሊያሰጋ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ሊሆን ይገባል። ሰው የሚከታተለው ከመሰለው ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማም ቀን አትቁጠሩ። አዲስ አበባ ለእናንተ ቅርብ ናት፤ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና ይሰጣል። ነገሩ ገና እዚህ ካልደረሰ የግቢው ክሊኒክም ይበቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸው፣ የመጠጥ ልማድን የሚመዝኑ 10 ጥያቄዎች አሉ፣ መልሶቹን ይዞ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ብዙ ወጣቶችን በጊዜ መልሷል።

ወደ ሴት ልጅዎ እንምጣ። እስከ በሩ ሸኝቶ «አደራሽን» ማለት ብቻውን አይጠብቃትም። አዲስ ገቢ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቸኛ ስለሆነ የመጀመሪያውን ግብዣ እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ያን ጊዜ የሚያግባባው «እዚህ ሁሉም ይቅማል፣ ሁሉም ይጠጣል» የሚለው ወሬ ነው። ተማሪዎች የጓደኞቻቸውን መጠጣት ከእውነቱ አብዝተው እንደሚገምቱ በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል፤ የማይጠጣው ዶርሙ ውስጥ ወይም ቤተ መጻሕፍት ስለሚያመሽ አይታይም፣ የሚጠጣው ግን ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ምሽቷን የምታሳልፍበትን ቦታ ከአሁኑ ታስብበት፤ ግቢ ጉባኤም ይሁን ሩጫ ወይም የክፍል ጓደኞች የጥናት ቡድን። ይህንንም ትወቅ፦ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ ጉበት ይህን ለማስወገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። የሴት ሰውነት የሚይዘው ውኃ አነስ ስለሚል ያው ጠርሙስ እሷን ከወንድሟ ይበልጥ ያሰክራታል።

ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። በመጀመሪያው ዓመት ግቢ ከሚገቡት አብዛኞቹ ከዚህ ዕድሜ በታች ሆነው ሳለ በግቢው አጥር ዙሪያ መጠጥ ቤት የሚደረደረው እንግዲህ ለማን ነው? ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት አንድ ቀን ተማሪውን በአዳራሽ ሰብስበው ስለ ሱስ ከሚያስተምሩ፣ ከከተማው አስተዳደር ጋር ሆነው ይህን አዋጅ ቢያስከብሩና ቤተ መጻሕፍቱን እስከ ሌሊት ክፍት ቢያደርጉ የበለጠ ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ የዶርም ጓደኛችን ትራማዶል ከመጠጥ ጋር ይወስዳል። ባለፈው ሳምንት ብንቀሰቅሰው አልነቃም፤ ከግቢ እንዳይባረር ፈርተን አልጋው ላይ ትተነው አደርን። ጠዋት ነቃ። ጥፋተኞች ነን ወይ?
ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ ዕድለኞች ናችሁ። ትራማዶል በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚወሰድ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ያስከትላል፣ ከአልኮል ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽን እያዘገመ እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። እንደገና ቢደርስ በጀርባው እንዳታስተኙት፤ ቢያስመልሰው እንዳይታፈን በጎኑ አድርጉት። ቡና አትስጡት፣ ውኃ አትድፉበት፣ «ይተኛበት» ብላችሁም አትለፉት። ከመካከላችሁ አንዱ ትንፋሹን እየተከታተለ ሌላው ወደ ግቢው ክሊኒክ ይሩጥ ወይም በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ምን እንደወሰደ ለሐኪሙ ሳትሸፋፍኑ ንገሩ፤ የክኒኑን ማሸጊያም ይዛችሁ ሂዱ።