ደንበኛው ከፍሎ ከሄደ በኋላ፦ አገልግሎታችሁን በኢንተርኔት ለምትሸጡ የሰሜን ሸዋ ወጣቶች

ልጆቼ፣

በቅርቡ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለውጭ አገር ደንበኞች ድረ ገጽ የሚሠራ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ሥራውን ተረክቦ ያመሰገነን ሰው ከሦስት ወር በኋላ ገንዘቡን በባንኩ በኩል አስመለሰው፤ እንዴት እንዲህ ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። በባንክ የካርድ ክፍያ ክፍል ውስጥ ረጅም ዘመን ስለሠራሁ እንዴት እንደሚሆን አስረዳሁት። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን አንድ የመንዝ ሰው ትዝ ብሎኝ ሳስበው ዋልኩ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም የእሱ ነገር ነው።

ሰውዬው እንግዶችን ወደ ጓሳ የሚወስድ አስጎብኚ ነበር። ጓሳ ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ የሚደረስበት፣ ሕዝቡ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት ብርዳማ ደጋ ነው። እንግዶቹ በኢሜይል ይጽፉለታል፤ እሱም የበቅሎውን፣ የድንኳኑን፣ የምግብ አብሳዩንና የመንገድ መሪውን ዋጋ ደምሮ ይልክላቸዋል፤ እነሱም ከመምጣታቸው በፊት በካርድ ይከፍላሉ። የካርድ ክፍያው የሚገባው በእኛ ባንክ በኩል ስለነበር ውሉን ሲፈርምም አየሁት፤ በጥንቃቄ ያነብ የነበረ፣ ያልገባውን ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

አንድ ዓመት አንዲት እንግዳ በመስከረም ከፍላ በጥቅምት መጣች። ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት አድራ፣ ጭላዳዎቹን ከቅርብ አይታ፣ ደስ ብሏት ተመለሰች። ጥር ሲገባ ከእርሷ ባንክ «የካርዱ ባለቤት ይህን ክፍያ አላውቀውም ብላለች» የሚል ክርክር ደረሰን። ቻርጅባክ የሚባለው ይህ ነው፤ ደንበኛው ለካርድ ሰጪው ባንክ ያመለክታል፣ ያ ባንክ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ በኩል ገንዘቡን ከነጋዴው ባንክ ይጠይቃል፣ የነጋዴው ባንክም ከነጋዴው ሂሳብ ላይ ወጪ ያደርጋል። ገንዘቡ አስቀድሞ ይነሣል፤ ነጋዴው የሚከራከረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴትየዋ ሰውዬውን ልታጭበረብረው ፈልጋ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አላምንም። በእንግዶቹ ዘንድ የሚታወቀው በአስጎብኚ ድርጅቱ ስም ነበር፤ በንግድ ፈቃዱና በባንክ ሂሳቡ ላይ የነበረው ግን የራሱ ስም ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ነው። እሷ ከወራት በኋላ የካርዷን የሂሳብ መግለጫ ስታገላብጥ ሰምታው የማታውቀው የሦስት ሰው ስም ተጽፎ ታገኛለች፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላውቀውም ማለቴ አይቀርም።

ደብዳቤው ሲደርስ ሰውዬው ስልክ በማይሠራበት ቦታ ከሌሎች እንግዶች ጋር ነበር። ለእንዲህ ያለ ክርክር መልስ የሚሰጥበት ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው፤ ከዚያም ላይ ባንኩ ማስረጃውን መርምሮ የሚልክበት ቀን ይቀነሳል። ወርዶ መልእክቱን እንዳገኘ የእንግዳ መዝገቡን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ገጹን በጣቱ ያሳየኝ እንደ ትናንት ይታየኛል። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በጭስ የጠቆረ ባለ መስመር ደብተር ነው። በገጹ አናት ላይ ስሟ፣ አገሯ፣ ቀኑና ፊርማዋ አለ፤ ስሟ ካርዱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ጎፈራም ጭላዳ ሥላለች፤ ከሥዕሉም ጎን ሌሊቱ እጅግ ቀዝቃዛ እንደነበር፣ የሰጧት የመንዝ ባና ግን እንዳሞቃት፣ ለወዳጆቿም ስለ ቦታው እንደምትነግር በእጇ ጽፋለች። «ይኸው ፊርማዋ፤ እኔ የሰው ገንዘብ አልበላሁም» ይለኝ ነበር፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ደጋግሞ።

ቀኑ አልፎ ነበር። መዝገቡን ያየ ሁሉ እውነቱ ከማን ጋር እንደሆነ ያውቃል፤ ዶሴው ግን ተዘግቷል። ሰውዬው የበቅሎ ጫኙን፣ የመሪውንና የምግብ አብሳዩን ደመወዝ ከከፈለ ቆይቷል፤ ስለዚህ የቀረበት ትርፉ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ካርድ አልቀበልም ብሎ እንግዳው ሲደርስ ጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ጀመረ። ቀድመው ከፍለው መምጣት የሚፈልጉት ወደ ሌላ ሄዱ፤ እሱም ውሎ አድሮ ሥራውን ተወው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ማስረጃው እያለ መሸነፉ ነው። ያ መዝገብ ለእሱ የመታሰቢያ ደብተር እንጂ የገንዘቡ ዋስትና አልነበረም፤ ውሉን ሲፈርምም ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

ካርድ በእጅ ማሽን በሚታተምበት ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር። የሆቴሉ ገንዘብ ተቀባይ ካርዱን ማሽኑ ላይ አስተኝቶ፣ ካርቦን ያለበትን ወረቀት ደርቦ፣ መዳፊያውን ወዲያና ወዲህ ይስበዋል፤ የካርዱ ቁጥርና ስም ወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ እንግዳው ይፈርማል፣ አንዱ ቅጂ ለሆቴሉ ይቀራል። ክርክር ሲመጣ ያቺን ወረቀት ከፋይል አውጥቶ መላክ ነው። እናንተ ካርዱንም ሰውዬውንም አታዩም፤ ፊርማውን የሚተካ ነገር የምታዘጋጁት ራሳችሁ ናችሁ።

ዛሬ የማያቸው ወጣቶች በሥራ ፍጥነት እኛን በብዙ ይበልጣሉ፤ መዝገብ መያዝ ላይ ግን እጃቸው ላላ ያለ ነው። ዋጋውን በቴሌግራም በድምፅ መልእክት ይስማማሉ፣ ሥራውን እዚያው ይልካሉ፣ ደንበኛው አውራ ጣት ምልክት ያደርጋል፣ ስልኩ ሲሞላ ደግሞ ሁሉም ይሰረዛል። በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ከፋዩ ራሱ ሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ የሚልከውን ገንዘብ ለምደዋል። እንዲያ የተላከ ገንዘብ ላኪው ሐሳቡን ስለቀየረ ብቻ ወደ ኋላ አይሄድም። የካርድ ክፍያ እንደዚያ አይደለም፤ ሂሳባችሁ ውስጥ ከገባ በኋላም ለወራት ሙሉ በሙሉ የእናንተ አልሆነም። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ለአብዛኛው የክርክር ዓይነት የሚሰጠው ጊዜ 120 ቀን ነው፤ «አገልግሎቱን አላገኘሁም» ለሚል አቤቱታ ደግሞ ቆጠራው የሚጀምረው ከተከፈለበት ቀን ሳይሆን አገልግሎቱ ይሰጣል ከተባለበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ሥርዓቱ ለገዢው ያደላል፤ ማድላቱን ግን አልቃወምም። የአሜሪካም የብሪታንያም ሕግ አውጪዎች የካርድ ገዢን የሚጠብቁ ሕጎችን ያወጡት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ በብሪታንያው ሕግ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ የሆነ ዕቃ ወይም አገልግሎት በክሬዲት ካርድ ሲገዛ፣ ሻጩ ውሉን ቢያፈርስ ካርድ ሰጪው አብሮ ይጠየቃል። ሰው ለማያውቀው የደብረ ብርሃን ወጣት ገንዘቡን ቀድሞ የሚልከው ይህን ጥበቃ ተማምኖ ነው፤ ያለዚያ ደንበኛ አታገኙም ነበር።

ሥራችሁን በጥራት ሥሩ፣ ለደንበኛ በትሕትና መልሱ የሚለውን አልደግምላችሁም። ከዚያ በፊት የሚመጣው የስሙ ጉዳይ ነው። ክፍያ ከሚያስገባላችሁ ድርጅት ጋር ስትዋዋሉ በደንበኛው የሂሳብ መግለጫ ላይ ምን ስም እንደሚወጣ ጠይቁ፤ የሚቻል ከሆነ ደንበኛው የሚያውቃችሁ ስም ይሁን፣ የማይቻል ከሆነ በደረሰኙ ላይ «በካርድዎ መግለጫ ላይ በዚህ ስም ይታያል» ብላችሁ ጻፉ። የመንዙን ሰው ይህች አንዲት መስመር ታድነው ነበር።

ቀጥሎ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ምን እንደምትሠሩ፣ መቼ እንደምታስረክቡ፣ ደንበኛው ቢተወው ምን ያህል እንደሚመለስለት ከክፍያው በፊት በኢሜይል ላኩና «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ተቀበሉ። ሥራው ትልቅ ከሆነ በምዕራፍ ከፋፍላችሁ አስረክቡ፤ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ላይ መቀበሉን በጽሑፍ አስረግጡ። በዲያስፖራ ላሉ ልጆች አማርኛ የምታስተምሩም እንዲሁ፤ ተማሪው የገባበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳየውን መዝገብ አትሰርዙ። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በአገራችን ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ የካርድ ክርክር የሚወሰነው ግን በካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ነው። ጉዳዩን የሚያየውም ደብረ ብርሃንን በካርታ እንኳ የማያውቅ፣ ስለ እናንተ ታማኝነት ምስክር የማይጠራ ሠራተኛ ነው፤ ለእሱ ከላካችሁለት ገጽ ውጭ ያለ ነገር አልተደረገም።

ስለዚህ ስትመልሱ መጀመሪያ የክርክሩን ምክንያት አንብቡ። «አገልግሎቱን አላገኘሁም» ላለ ሰው ማስረከባችሁን፣ «ክፍያውን አላውቀውም» ላለ ሰው ከፋዩ እሱ ራሱ መሆኑን ማሳየት አለባችሁ፤ ለአንዱ የሚሆነው ማስረጃ ለሌላው አይሆንም። ለሁለተኛው ዓይነት ቪዛ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ አንድ ጥሩ በር ከፍቷል፤ ያው ደንበኛ ከክርክሩ ከ120 ቀን በፊት በዚያው ካርድ የፈጸማቸውን፣ ያልተከራከረባቸውን ሁለት ክፍያዎች ብታቀርቡና እንደ አይፒ አድራሻ (ከፋዩ ኢንተርኔት ላይ የሚለይበት ቁጥር) እና የመግቢያ ስም ያሉ ምልክቶች ቢገጥሙ ኃላፊነቱ ከእናንተ ላይ ይነሣል። እነዚህን የሚመዘግብ ሥርዓት የሌለው ሰው ግን በሩ ቢከፈትም አይገባበትም። ስሪ ዲ ሴኪዩር የሚባለውን፣ ከፋዩ ከባንኩ የሚመጣለትን የማረጋገጫ ቁጥር የሚያስገባበትን አሠራር እንዲበራላችሁ ጠይቁ፤ ነገር ግን የሚጠብቃችሁ በአብዛኛው «እኔ አልከፈልኩም» ከሚለው አቤቱታ ብቻ ነው፣ ከሌላው አያድናችሁም።

ሐቅ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ተከራከሩ፤ የሰውዬውን መዝገብ ያየ ሰው ሌላ ሊላችሁ አይችልም። ሆኖም ገንዘቡ ትንሽ ከሆነና ደንበኛው ቅር ተሰኝቶ ከጻፈላችሁ፣ ወደ ባንኩ ከመሄዱ በፊት መልሱለት። ክርክር በተከፈተ ቁጥር ብታሸንፉም የማይመለስ የአገልግሎት ክፍያ ሊቆረጥባችሁ ይችላል፣ ክርክር የበዛበት ነጋዴም ካርድ የመቀበል መብቱን እስከ ማጣት ይደርሳል። ስትመልሱ በዚያው በተከፈለበት ካርድ ላይ መልሱ። ክርክሩ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ «ቅሬታዎን ላብርድ» ብላችሁ በሌላ መንገድ እንዳትልኩ፤ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ያለቀሰ ነጋዴ አውቃለሁ። በካርድ አብልጦ ከፍሎ «ትርፉን ለእንዲህ ላለ ሰው አስተላልፉልኝ» የሚላችሁ ደንበኛ ቢመጣ ካርዱ የተሰረቀ ነው ብላችሁ ጠርጥሩና ሥራውን አትጀምሩ።

ከመካከላችሁ አንዱ ከባንኩና ከክፍያ ድርጅቱ የሚመጣውን ኢሜይል በየዕለቱ ይክፈት፤ እሱ ገጠር ሲወርድ ሌላው ይተካው። ከእያንዳንዱ የካርድ ክፍያም ጥቂት እየቀነሳችሁ 120ው ቀን እስኪያልፍ በሌላ ሂሳብ አስቀምጡ። በዶላር የተከፈላችሁ ከሆነ የሚጠየቀውም ዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ ስለሚወሰን፣ በተከፈላችሁ ቀን የተቀበላችሁት ብር ለመመለሻው ላይበቃ ይችላልና የምታስቀምጡትን በዚያው ልክ ከፍ አድርጉት።