ሊቺ ልጆች ይገድላል ሲሉኝ ደንግጬ ካርቶኑን ሰቀልኩት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከሀዋሳ ነው። ወንድሜ ለገና ከደቡብ አፍሪካ ሲመጣ ሊቺ የሚባል ፍሬ በካርቶን ይዞልን መጣ፣ ውጪው ቀይና ሸካራ ነው፣ ሲላጥ ውስጡ ነጭ፣ ወይንና ጊሽጣ የተጋቡ ነው የሚመስለው። የ4 ዓመት ልጄ አንዴ ቀምሶት ራቱን ሁሉ እምቢ አለኝ፣ እሱን ብቻ ሆነ። ከዛ ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣችና «ኧረ ይሄ ነገር ህንድ ውስጥ ስንት ልጅ ጨርሷል» ብላ አስደነገጠችኝ፣ እኔም ካርቶኑን ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ልጣለው ወይስ ይብላ? ባሌ ደግሞ ዘሩን ግቢ ካልተከልኩ እያለ ነው። የታቦሯ እናት ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አትጣዪው። ጎረቤትሽም ግን ወሬ ፈጥራ አይደለም የመጣችው፣ ነገሩ እውነት ነው፣ ግማሹ ነው የቀረው።

ህንድ ቢሃር ውስጥ ሙዛፋርፑር የሚባል በሊቺ የታወቀ አካባቢ አለ። እዛ ለዓመታት ሊቺ በሚደርስበት ሰሞን ማታ ደህና የተኛ ልጅ ሊነጋ ሲል ያንቀጠቅጠውና ራሱን ይስታል፣ ቫይረስ ነው ሲባል፣ የፀረ ተባይ መርዝ ነው ሲባል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአንድ ሰሞን ብቻ ሁለት ሆስፒታሎች 390 ታማሚ ተቀብለው 122ቱ ሞቱ። በ2017 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ነው ነገሩን ያጠራው፦ ልጆቹ ሊቺ በልተዋል፣ ራት ግን አልበሉም፣ ብዙዎቹ ሆስፒታል ሲደርሱ የደም ስኳራቸው ወርዶ ነበር።

ሆድ ባዶ ሆኖ ሲታደር ጉበት ያስቀመጠው ስኳር ያልቃል፣ ያኔ ሰውነት ስብ እያቃጠለ አዲስ ስኳር ይሠራል። ሊቺ ውስጥ፣ በተለይ ዘሩና ያልበሰለው ፍሬ ውስጥ፣ ሃይፖግላይሲንና የሱ ዘመድ የሆነ ሌላ ንጥረ ነገር አለ፣ እነሱ ይቺን ሥራ ያስቆሟታል። ትልቅ ሰው የተጠራቀመ ስላለው ይችላል፣ የከሳና ራት ያልበላ ሕፃን ግን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ እኔን ያስጨነቀኝ ሊቺው ሳይሆን «ራቱን እምቢ አለኝ» ያልሽው ነው። መጀመሪያ ራቱን፣ ከዛ በኋላ ሦስት አራት ፍሬ፣ በቃ። ጠዋት በባዶ ሆዱ አትስጪው። ድንገት ከደከመ፣ ካላበው ወይ ንግግሩ ከተደነባበረ፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር ያለው ነገር ሰጥተሽ ወዲያው ሕክምና ውሰጂው፣ እያንቀጠቀጠው ከሆነ ግን አፉ ውስጥ ምንም እንዳታስገቢ። ለአዋቂም ቢሆን በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በሊቺ መግደፍ እኔ አልወደውም፣ ምሳ ይቅደም። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ 100 ግራሙ ወደ 15 ግራም ስኳር እንዳለው ይወቅ።

አበላሉ ቀላል ነው። እጠቢው (ሰው በጥርሱ ስለሚልጠው)፣ ግንዱ በነበረበት በኩል በጥፍርሽ ቀደድ አድርገሽ ጨመቅ ስታደርጊው ነጩ ራሱ ብቅ ይላል። ቡናማውን ዘር አውጥተሽ ጣዪ፣ ለልጅሽ ደግሞ ሥጋውን ቆራርሰሽ ስጪው፣ ዘሩ እንደ ሳሙና ስለሚያሙለጨልጭ የ4 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ ከመርዙ በፊት እሱ ነው የሚያስፈራው። ልጣጩ አረንጓዴ የሆነውን ተዪው፣ እንደ አቮካዶ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ብታቆዪው አይበስልም፣ ከዛፍ ከወረደ ወረደ ነው። ልጣጩ ቡናማ ከሆነ ግን ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ውጪ ሁለት ሦስት ቀን ካደረ እንደዛ ነው፣ ጠላ ጠላ ከሸተተ ወይ ውሃ ካወጣ ያኔ ጣዪው። ቁምሳጥን ላይ ከምትሰቅዪው ፌስታል በስተሽ ፍሪጅ ብትከቺው ሳምንት ይቆይልሻል፣ መብራት ካልጠፋ።

ባልሽ ዘሩን መትከል ከፈለገ ይፍጠን፣ የሊቺ ዘር ከደረቀ ይሞታል፣ ሥጋው እንደተበላ እርጥብ አፈር ውስጥ መግባት አለበት። ቢበቅልም ከዘር የመጣ ሊቺ አሥር ዓመትና ከዛ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል፣ ያኔ ያ የ4 ዓመቱ ልጅሽ ራሱ ወጥቶ ይቆርጠዋል።