ጥያቄና መልስ፦ ጥሬ ብር እየሸሸ ነው፤ ካርዱስ ምን ያውቅብናል?

ባለፈው እሁድ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግሩፓችን ውስጥ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። መንገድ ዳር ያለው ሚኒ ማርኬት «ዝርዝር ስለሌለን ጥሬ ብር አንቀበልም» ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ። ግማሹ ሰው «ዘመናዊነት ነው» አለ፣ ግማሹ «የት ገባሁ የት ወጣሁ ሊመዘገብብኝ ነው» አለ። ዛሬ ባንክ ቤት ካርድ ክፍል ለ11 ዓመት የሠሩ ጎረቤታችን ጥያቄ ሊመልሱ ፈቅደዋል። አሁን ብሎክ 9 ሥር የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጣሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ «መላሽ» ብለናቸዋል።

መላሽ፦ እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ስክሪንሾት እዚህ አትለጥፉ። ባለፈው እሁድ ሦስት ሰው «ይኸው እኔም በሞባይል ከፈልኩ» ብሎ ደረሰኙን ለጥፏል። እስካሁን እዚያው ተሰቅሏል። አጥፉት። አሁን ጠይቁ።

የብሎክ 14 እናት፦ ጋሼ፣ በካርድ ስከፍል ባለሱቁ ምን ያያል? ባንኩስ?

መላሽ፦ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ደስ ይላል። ካርዱን ማሽኑ ላይ ስትሰኪው ቺፑ ለዚያች ክፍያ ብቻ የምታገለግል ኮድ ያወጣል። ሌባ ነገ ቢያገኛት አትረባውም። ከኋላ ያለችው ጥቁር መስመር ግን ለሁሉም የምታነበንበው ያንኑ አንድ ነገር ነው። ስለዚህ መሰኪያው እያለ «ልሳበው» የሚልሽን ሰው እምቢ በይው። ካርዱንም ከዓይንሽ አታርቂ፤ አስተናጋጁ ይዞት ጓዳ የሚገባ ከሆነ አብረሽው ግቢ።

ባለሱቁ ወረቀቱ ላይ የሚቀርለት የካርድሽ መጨረሻ 4 አሃዝ፣ የብሩ መጠንና ሰዓቱ ነው። ባንኩ ደግሞ የትኛው ሱቅ፣ ስንት ብር፣ መቼ የሚለውን ይይዛል። ሽንኩርት ይሁን ዊስኪ አያውቅም። እሱን የሚያውቀው የባለሱቁ ካሽ ሬጅስተር ነው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» እንዳትይኝ። ካርድ ክፍል እያለሁ አንድ ቅሬታ ለማጣራት የአንድ ደንበኛ የሦስት ወር ዝርዝር ከፈትኩ። ሰውዬውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። በየማክሰኞው ጠዋት ክሊኒክ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ፋርማሲ፣ ማታ ደግሞ ሁሌ አንድ ግሮሰሪ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ግሮሰሪው ቀረ፣ ክሊኒኩ በሳምንት ሁለቴ ሆነ። መታመሙን ከሚስቱ በፊት ሳላውቅ አልቀረሁም። የምፈልገው አንዲት የተሳሳተች ክፍያ ነበር። ያንን ዝርዝር ዘግቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

የብሎክ 3 ወጣት፦ በአጭሩ ካርድ ሴፍ ነው ወይስ አይደለም?

መላሽ፦ ከማን? ከሌባ? ከባንክ ሠራተኛ? ከሚስትህ? ጥያቄህን ጨርሰህ ጠይቅ።

የብሎክ 17 ነዋሪ፦ የትኛው ባንክ ይሻላል?

መላሽ፦ ለቤትህ የሚቀርበው።

ባለሱቋ፦ ጋሼ፣ እኔ ማሽን የለኝም። ካርቶን ላይ ስልኬን ጽፌ በቴሌብር ነው የምቀበለው። ማታ ማታ የማላውቀው ወንድ ይደውልልኛል። ስሜን ሳይቀር እስከ አባቴ ይጠራኛል።

መላሽ፦ እዚህ ላይ ልቆይ። ሰው ሁሉ ካርድ ካርድ ይላል። የእኛ ሰፈር ቀዳዳ ግን ካርዱ አይደለም፤ ስልክ ቁጥሩ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ስልክ ቁጥራችን አካውንት ሆነ። የባንክ አካውንት ቁጥርሽን ያየ ሰው ሊደውልልሽ አይችልም። ስልክ ግን ይጮሃል። ሁለተኛ፣ ቁጥርሽን አስገብቶ «ላክ» ሊል ሲል ስምሽ ይመጣለታል። ብሩ ለሌላ ሰው እንዳይሄድ ለጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ክፋት የለውም። ነገር ግን ስምሽን አንብቦ፣ ብሩን ሳይልክ መውጣት ይችላል። አንድ ሽልንግ ሳያወጣ ስምሽን ከነአባትሽ ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ካርቶኑን ዛሬ ማታ አውርጂው። ከዚያ በንግድ ፈቃድ የነጋዴ መለያ ቁጥር አውጪ። ደንበኛው የሚያየው አጭር ቁጥሯን ወይም ኪውአሩን፣ በስልክ ካሜራ የሚነበበውን ጥቁርና ነጭ ምልክት ነው። የግል ስልክሽ የትም አይለጠፍም። ይህን ለስንቱ ባለሱቅ ነግሬያለሁ መሰለሽ። ዛሬም ከዚህ እስከ ፍጥነት መንገዱ መግቢያ ብትሄጂ በየካርቶኑ ላይ የሴት ልጅ ስልክ ተጽፎ ታገኛለሽ።

ባለሱቋ፦ ንግድ ፈቃዱ በባለቤቴ ስም ነው።

መላሽ፦ በእሱ ይውጣ። ለእሱ ይደውሉለት።

ባለባጃጁ፦ እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ብር መቅዳት ከቀረ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የት ቀዳሁ፣ ስንት ቀዳሁ ሁሉም ተጽፎ ይቀመጣል። ተሳፋሪው ግን የሚሰጠኝ የተጨማደደ 10 ብር ነው። እሱን ሰብስቤ ወኪል ጋ ተሰልፌ ስልኬ ላይ አስገባለሁ። ከዚያ ማደያ እሰለፋለሁ። ሁለት ሰልፍ!

የሒሳብ መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ቢጻፍብህ ምን ሆንክ? ጥሬ ብር የሚናፍቀው ግብር የሚሸሽ ነው።

ባለባጃጁ፦ አይ መምህር! አንተ ግብርህ ደሞዝህ እጅህ ሳይገባ ስለሚቆረጥ ሰው ሁሉ እንደሚሸሽ ታስባለህ።

የሒሳብ መምህሩ፦ አሞሌ ጨውም ገንዘብ ነበር። ማርያ ትሬዛም ነበረች፣ 1780 የሚል ዓመት ተጽፎባት። ሁሉም በጊዜው አለፈ። ወረቀቱም ያልፋል።

የብሎክ 17 ነዋሪ፦ ከአሞሌ ወዲህ ያልተለወጠው የታክሲ ረዳት ብቻ ነው። ዝርዝር የለም ብሎ ማስቲካ ይሰጥሃል።

መላሽ፦ መምህር፣ ምሳሌህ ለእኔ ነው የመሰከረው። አሞሌ ማን ለማን ሰጠው ብሎ አይመዘግብም። ጥሬ ብር ስም የለውም፤ ጥቅሙም ጉዳቱም እሱ ነው። ሌባም ይወደዋል፣ ሐኪም ቤት መሄዱን ለሰው መንገር የማይፈልግም ይወደዋል። ሁለቱን አንድ ላይ አትውቀጣቸው።

የሒሳብ መምህሩ፦ ስም የለውም? መስከረም 2013 ብር ሲቀየር ሰው ሁሉ ፍራሹን ገልብጦ ባንክ ቤት ተሰለፈ እኮ።

መላሽ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ቀጥሉ።

የእድር ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ የእድር መዋጮ በባንክ እንዲገባ ወስነናል። አባላት ስክሪንሾት በግሩፑ ይልካሉ፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ።

መላሽ፦ እህቴ፣ ከላይ ምን ብዬ ጀመርኩ?

የባንክ መልእክት ውስጥ ምን እንዳለ አንድ ቀን ረጋ ብለሽ አንብቢ። ስምሽ፣ አካውንትሽ፣ የግብይት ቁጥሩ። ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ቀሪ ሂሳብሽም አለ። ደረሰኙን የምትከፍት ሊንክ ያለበትም አለ፤ ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ ይከፍታታል። ሰዎቻችን ይህን 200 አባል ባለበት ግሩፕ ይለጥፉታል። ልጁ ክፍያ አጥቶ ከትምህርት ቤት የተባረረበት ሰውም፣ ቤት የሸጠ ሰውም።

በዚያ ላይ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ ሥዕል ነው። መጠኑንና ቀኑን የሚቀይር ልጅ በየብሎኩ አለ። እድሩ ገንዘብ መግባቱን ማወቅ ከፈለገ የራሱን አካውንት ይይ። አባሉ የግብይት ቁጥሯን ብቻ ለአንቺ በውስጥ ይላክልሽ።

የእድር ጸሐፊዋ፦ እውነት ነው። ባለፈው ወር «መዋጮው ይቀነስልኝ» ሲሉ የነበሩ አንድ አባት ቀሪ ሂሳባቸውን አይቼ ክው ብያለሁ።

መላሽ፦ ይኸው! እሱንም እዚህ መጻፍ አልነበረብሽም።

የብሎክ 17 ነዋሪ፦ ዶላር ዛሬ ስንት ገባ?

መላሽ፦ አላውቅም።

የብሎክ 21 ነዋሪ፦ መረጃችንን የሚጠብቅ ሕግ አለ?

መላሽ፦ አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ነገር ግን ልማድ ከሕግ ይዘገያል። አዋጁ ሊወጣ ሲል፣ በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ሲዛባ፣ የሌላቸውን ብር ያወጡና ያስተላለፉ ብዙ ነበሩ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ነበር ብሏል። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ አደባባይ ለጠፈ። የራስ ያልሆነን ብር መውሰድ ጥፋት ነው፣ ለዚህ አልከራከርም። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው፤ አካውንት ስንከፍት የሰጠነው ጉርድ ፎቶ አንድ ቀን ግድግዳ ላይ እንደሚወጣ ማን አስቦ ያውቃል?

የብሎክ 21 ነዋሪ፦ በውጭ አገርስ ጥሬ ገንዘብ ጨርሶ ጠፍቷል ይባላል።

መላሽ፦ አልጠፋም። ስዊድንን ውሰድ። በአውሮፓ የመጀመሪያውን የወረቀት ገንዘብ ያወጣችው እሷ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1661። አሁን ብዙ ሱቆቿ ወረቀት አይነኩም። ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ትልልቅ ባንኮቿ የጥሬ ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ በሕግ አስገደደች። በካርድና በስልክ መክፈል የማይችል ሰው እንዳይቸገር ብለው ነው፤ መብራት የሚጠፋበት ቀንም አለ። እኛ ያንን ቀን በሳምንት ሁለቴ እናየዋለን።

ሌላ የማይነገር ነገር አለ። ያለ ጥሬ ብርም ምስጢር መጠበቅ ይቻል ነበር። ዴቪድ ቻውም የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 መንገዱን በስሌት አሳይቷል። ወረቀትህን ካርቦን ካለበት ፖስታ ውስጥ አሽገህ ለባንኩ ትሰጣለህ እንበል። ባንኩ ፖስታው ላይ ይፈርማል፣ ፊርማው ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ያርፋል። ባለሱቁ ጋ ስትደርስ ፖስታውን ቀደህ ወረቀቱን ትሰጣለህ። ባንኩ ፊርማው የራሱ መሆኑን ያውቃል፣ የማን ወረቀት እንደነበር ግን አያውቅም። እንዴት ያለ ነገር ነው! ሰውዬው ኩባንያ አቋቁሞ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ከሰረ። ፈላጊ አጣ። ስለዚህ «ቴክኖሎጂው ስለሚያስገድድ ነው ሁሉም የሚመዘገበው» ሲሉህ አትመን። ስለተመረጠ ነው።

የብሎክ 3 ወጣት፦ እና ካርድ ሴፍ ነው?

መላሽ፦ ከላይ አንብብ።

የብሎክ 7 እማማ፦ ልጄ፣ እኔ ካርዴን ለጥበቃው ሰጥቼው ነው የሚያወጣልኝ። ቁጥሩንም ነግሬዋለሁ። የተባረከ ልጅ ነው።

መላሽ፦ እማማ፣ ልጁ የተባረከ ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ቁጥሩን ግን ነገ ጠዋት እንቀይራለን። ክፉ ስለሆነ አይደለም። አንድ ቀን 500 ብር ብትጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። እኔ ሱቅ ይምጡ፣ አብረን ኤቲኤሙ ጋ እንሄዳለን። ቁጥሩን እርስዎ ይነካሉ፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

የብሎክ 7 እማማ፦ ዕድሜ ይስጥህ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይም ያንን ጥቁርና ነጭ ነገር ለጥፈዋል፣ በስልክ አስገቡ እያሉ። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ አይደል የተባለው?

የሒሳብ መምህሩ፦ እማማ፣ ኦዲት ለማድረግ ይመቻል።

የብሎክ 7 እማማ፦ እግዜር ኦዲት ያርገኝ።

መላሽ፦ ለሙዳየ ምጽዋቱ ጥሬ ብር ይያዙ እማማ። እኔም ዝርዝር የማስቀምጠው ለእሱና ለታክሲ ነው።

የብሎክ 3 ወጣት፦ (ፎቶ ለጥፏል) ጋሼ፣ ይህቺ ቢጫዋ ነገር ናት ቺፕ የምትሉት?

መላሽ፦ አጥፋው! የካርድህን ፊት ከነቁጥሩ ነው የለጠፍከው! አሁኑኑ አጥፋው!

ባለባጃጁ፦ ጀርባውንም ለጥፎታል።

የብሎክ 3 ወጣት፦ አጠፋሁት። ስንት ሰው አየው?

የሒሳብ መምህሩ፦ 43።

መላሽ፦ አሁን ለባንክህ ደውልና አዘጋው። ነገ ሄደህ አዲስ አውጣ።

የብሎክ 3 ወጣት፦ ብሬ ሁሉ እዚያ ላይ ነው እኮ! ነገ ጠዋት ታክሲ በምን እሳፈራለሁ?

መላሽ፦ ሱቅ ና። 50 ብር አበድርሃለሁ፣ ወረቀት።