«ለ ማን» የሚሮጠው ለማን ነው? ስለ 24 ሰዓት ውድድርና ስለ ስፖርት መኪና ሽያጭ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን አገር የስፖርት መኪና የሚሸጥ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ መለዋወጫ ክፍል፣ ኋላ ሽያጭ ላይ። ስለ 24 ሰዓት ውድድር ባወራሁ ቁጥር «እነዚህ ፋብሪካዎች ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያቃጥሉት ምን ሊያገኙ ነው?» የሚለው ጥያቄ ስለሚበዛ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለዚሁ ቁጭ ብያለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ስሙ ራሱ ያስቀኛል። «ለ ማን» ለማን ነው? ለማናውቀው ከሀ ጀምርልን።

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ። ለ ማን ከፓሪስ ወደ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ የፈረንሳይ ከተማ ናት። ውድድሩ የተጀመረው በ1923 ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይነሳሉ፣ እሑድ በዚያው ሰዓት ያቆማሉ። አንዱ ዙር 13.6 ኪሎ ሜትር ሲሆን አብዛኛው በሌላ ጊዜ የጭነት መኪናና ትራክተር የሚመላለስበት የሕዝብ መንገድ ነው። ሦስት ሾፌሮች አንዷን መኪና እየተፈራረቁ ይነዳሉ፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ብዙ ርቀት የሄደው ያሸንፋል። ዝናብ ካላጨናገፈ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሦስት ጊዜ ገደማ ደርሶ መልስ በሉት። ሲጠነሰስ የታሰበው ለሕዝብ የሚሸጡ መኪኖች ጥንካሬና የሌሊት መብራት እንዲፈተን ነበር። ስለዚህ «ለማን?» ካላችሁኝ፣ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ለገዢ ነው።

ጥያቄ፦ ዓለም የሚያየው ፎርሙላ ዋንን ነው። ገንዘባቸውን ለምን እዚያ አያወጡም?

መልስ፦ የሚያወጡም አሉ። ግን የፎርሙላ ዋን መኪና በር የለውም፣ የፊት መብራት የለውም፣ ሱቃችን ውስጥ ከቆመው ጋር የሚያመሳስለው አርማው ብቻ ነው። ለ ማን ላይ ግን የተለያዩ ምድቦች አብረው ይሮጣሉ፤ ለሕዝብ ከሚሸጡ መኪኖች በተሠሩት፣ ጂቲ ሦስት በሚባለው ምድብ የሚሮጡት ፖርሸ 911፣ ፎርድ ሙስታንግ፣ ኮርቬት፣ ቢኤምደብሊው ኤም 4 የመሳሰሉት ናቸው። ደንበኛው በቴሌቪዥን ያያትን መኪና በጣቱ ጠቁሞ «ይቺን» ማለት ይችላል።

ሌላው የመልእክቱ ነገር ነው። አጭር ውድድር «ፈጣን ነች» ይልልሃል። 24 ሰዓት ደግሞ «ፈጣን ነች፣ ደግሞ አትጥልህም» ይልልሃል። ስፖርት መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ፍጥነቱን አይጠራጠርም። የሚፈራው ጋራዥ ማመላለሱን ነው።

እኛ ይህን ነገር ከሩጫ እናውቀዋለን። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 ስትገባ እግሯ ላይ የነበረው አዲዳስ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ጫማውን የፈለጉት ሰዎች እንደሷ እንደማይሮጡ ያውቃሉ፤ ግን ያ ጫማ 42 ኪሎ ሜትር ችሎ መውጣቱን አይተዋል።

ጥያቄ፦ «እሑድ አሸንፍ፣ ሰኞ ሽጥ» የሚል የአሜሪካኖች አባባል አለ። አንተ ሱቅ ውስጥ ነበርክና በእውነት ሰኞ ሰው ይመጣ ነበር?

መልስ፦ በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ሰኞ አላየሁም። የሚመጣው ከስድስት ወር በኋላ፣ አንዳንዴም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። አንድ አዛውንት ትዝ ይሉኛል፤ ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር ውድድሩን አይተው፣ ጡረታ ሲወጡ ነው መኪናዋን ሊገዙ የመጡት። ይህንን በየትኛው የበጀት ዓመት ትመዘግበዋለህ? የሒሳብ ክፍል ሰዎች ከውድድር ክፍል ጋር ሁልጊዜ የሚጣሉት ለዚህ ነው።

ድል ብቻውን ፋብሪካ እንደማያድንም እወቁ። ቤንትሊ ከ1927 እስከ 1930 አራት ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ በ1931 ከስሮ ሮልስ ሮይስ ገዛው። ማዝዳ በ1991 በዚያ በሚያፏጭ፣ ፒስተን በሌለው ሮታሪ ሞተሩ ከጃፓን ፋብሪካዎች የመጀመሪያው አሸናፊ ሆነ፤ አምስት ዓመት ቆይቶ ፎርድ ድርሻውን ወደ 33.4 በመቶ ከፍ አድርጎ አመራሩን ያዘው። ግን ተመልከቱ፤ ቤንትሊን የገዛው ሮልስ ሮይስ ስሙን አልጣለውም። ስሙ ዋጋ ነበረዋ! ቤንትሊ በ2003 ለ ማን ተመልሶ ሲያሸንፍ ኮንቲኔንታል ጂቲ የሚባለውን አዲስ ሞዴሉን በዚያው ዓመት ለገበያ አወጣ። ያ እንግዲህ በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም።

ጥያቄ፦ ከሁሉም አዋቂ ነጋዴ ማነው?

መልስ፦ አድልዎ አለብኝ፣ ግን ፖርሸ ነው። በ1951 ጦርነቱ ካበቃ ገና በስድስት ዓመቱ፣ ጀርመኖች ፈረንሳይ ድረስ ሄደው በ1,100 ሲሲ ሞተር የምትሠራ፣ 356 የምትባል ትንሽ መኪና አስገቡ፤ በምድቧ አንደኛ ወጣች። ጠቅላላ አሸናፊ ለመሆን ግን እስከ 1970 መጠበቅ ነበረባቸው። እስኪ አስቡት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ዛሬ 19 ጊዜ ያሸነፈ ሌላ የለም።

ብልሃታቸው ውድድሩን ዕቃው ላይ ማተማቸው ነው። «ካሬራ» የሚለው ስም የመጣው ካሬራ ፓናሜሪካና ከሚባለው የሜክሲኮ ረጅም የመንገድ ውድድር ነው። ቁልፉ ከመሪው በስተ ግራ መሆኑ፣ ድሮ ሾፌሮች መንገዱን ሮጠው አቋርጠው መኪናቸው ውስጥ እየዘለሉ ሲነሱ፣ በግራ እጅ አስነስቶ በቀኝ ማርሽ ለማስገባት ነው ብለን ለደንበኛ እንተርክ ነበር። ይህን ስነግረው ፈገግ የማይል ገዢ አላጋጠመኝም። ጠዋት ወደ ቢሮ ሲሄድ እንኳ ውድድር የሚነሳ ይመስለዋል።

የውድድር ሕጉም ራሱ ዕቃ ይፈጥራል። አንድ መኪና በምድቡ እንዲሮጥ ይህን ያህል ተሠርቶ መሸጥ አለበት ይባላል። ለ1973ቱ 911 አርኤስ የሚያስፈልገው 500 ነበር። የሽያጭ ሰዎቹ «ይህን ማን ይገዛል?» እያሉ ሲፈሩ 1,580 ተሸጠ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባት እሷኑ ነው።

ጥያቄ፦ ቴክኖሎጂው በእርግጥ ወደ መንገድ መኪና ይወርዳል ወይስ የማስታወቂያ ወሬ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም። ጃጓር በ1953 ያሸነፈው በዲስክ ፍሬን ነው፤ ሌሎቹ ቀድመው ሲይዙ እሱ ዘግይቶ ይይዛል። ከአራት ዓመት በኋላ ኤክስኬ 150 የምትባል የመንገድ መኪናው ላይ ገጠመው። ይህ እውነተኛ ነው። 919 ሃይብሪድ የሚባለው የፖርሸ የውድድር መኪና ባለ 800 ቮልት የኤሌክትሪክ መስመርም፣ ታይካን የምትባለው የኤሌክትሪክ የመንገድ መኪናው ላይ ወርዷል።

አውዲ ደግሞ ሌላ ነገር ነው ያደረገው። ናፍጣ ሲባል እኛ አይሱዙ ትዝ እንደሚለን ሁሉ፣ ብዙ ገዢዎችም የሥራ መኪና ነው የሚመስላቸው። አውዲ በ2006 በናፍጣ ሞተር ለ ማንን አሸነፈ፤ ከዚያ በፊት ማንም አላደረገውም። ዓላማው ሞተሩን ማሻሻል ብቻ አልነበረም፣ ናፍጣ የሚለውን ቃል ማጠብ ነበር። በ2015 የአውዲ ባለቤት ፎልክስዋገን በናፍጣ ጭስ ልኬት ማጭበርበሩ ሲጋለጥ ያ ታሪክ ጓዳ ገባ። አውዲ በ2016 መጨረሻ ከውድድሩ ወጣ።

ጥያቄ፦ ፌራሪ ማስታወቂያ እንኳ አያሠራም፤ ሰው ወረፋ ነው የሚጠብቀው። ለምን በ2023 ተመለሰ?

መልስ፦ ግሩም ጥያቄ። ከ1965 ወዲህ ጠቅላላ ድል አልነበረውም። በ2023 499ፒ በምትባል የውድድር መኪና ተመልሶ አሸነፈ፣ በ2024 ደገመ፣ በ2025 ሠለሰ። አሁን ልብ በሉ፤ በ2024 መገባደጃ ኤፍ 80 የምትባለውን መኪና አወጣ፤ 799 ብቻ፣ ዋጋዋ 3.6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ። ከእሷ በፊት የነበረችው ላፌራሪ 12 ሲሊንደር ነበራት። ይቺ ግን ስድስት! ያን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሲሊንደሩ በግማሽ ሲቀነስበት ምን ይላል? መልሱ ተዘጋጅቷል፦ «ይህ ለ ማንን ካሸነፈው ሞተር የተወለደ ነው።» ቅናሹ ክብር ሆነ። በሽያጭ ዘመኔ ከዚህ የበለጠ ብልጠት አላየሁም።

ጥያቄ፦ ፎርድስ? በብሽቀት ነው የገባው ይባላል።

መልስ፦ አዎ። በ1963 ፌራሪን ሊገዛ ተደራድሮ ሳይሳካ ቀረ፤ በ1966 አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ ወጣ፣ እስከ 1969 አላስነካም። በ2016፣ ልክ በ50 ዓመቱ፣ ጂቲ የምትባለውን አዲስ መኪናውን አምጥቶ በምድቡ አሸነፈ። ብሽቀቱን እስከ ዛሬ እየቸረቸረ ነው።

ጥያቄ፦ የሚሸነፉትስ ምን ያተርፋሉ?

መልስ፦ እንደ አወዳደቃቸው ነው። ቶዮታ በ2016 እየመራ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው መኪናዋ ኃይል አጥታ ቆመች። ያን ቀን ቶዮታን የማይወድ ሰው እንኳ አዝኗል፤ ከ2018 እስከ 2022 በተከታታይ ሲያሸንፍ «ይገባዋል» ተባለ። ኒሳን ግን በ2015 ገና መኪናዋ በውድድር ሳትፈተን፣ ሱፐር ቦውል በሚባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ላይ በማስታወቂያ አሳያት። ለ ማን ላይ ካስገባቸው ሦስት መኪኖች በውጤት አንድም አልተመዘገበም። ዓመቱ ሳያልቅ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ቀድሞ መደገስ እንዲህ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። በ1955 አንድ መርሴዲስ ተመልካች መሃል ገብቶ ከ80 በላይ ሰው ሞተ፤ ፋብሪካው ለአሥርት ዓመታት ከውድድር ራቀ። ይህን በገበያ ሚዛን ማውራት ስለሚከብደኝ እዚህ ላቁም።

ጥያቄ፦ አሁን ሁሉም መኪና በክብደትና በኃይል ይመጣጠናል አይደል? ታዲያ ማሸነፉ ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ ይህ እኔንም ያስከፋኛል። አዘጋጆቹ ፈጣኑን ክብደት ይጨምሩበታል፣ ኃይሉን ይቀንሱበታል። በዚህና ወጪ በሚቀንሱ ሕጎች ምክንያት ብዙ ፋብሪካ ገባ፤ በ2025 ሜዳው ላይ 332,000 ተመልካች ነበር። ግን ያሸነፈ ሁሉ «ሚዛኑ አድልቶለት ነው» ይባላል። ድሉ ጥርጣሬ ከታከለበት ለሻጭ ግማሽ ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ፖርሸ እንዲህ አዋቂ ከሆነ ለ ማን ካለበት የረጅም ውድድሮች የዓለም ሻምፒዮና ለምን ከ2025 በኋላ ወጣ?

መልስ፦ ቻይና ውስጥ ሽያጩ ወደቀ፣ ወጪ መቀነስ መጣ። የሚያሳዝነው በ2025 ለ ማን በ14 ሰከንድ ተበልጦ ሁለተኛ ወጥቶ መሄዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚካሄደውን የረጅም ውድድሮች ሻምፒዮና ግን አልተወም። ለምን መሰላችሁ? ገዢው እዚያ አለ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንተ ራስህ ምን ትነዳለህ?

መልስ፦ ያገለገለች ቶዮታ ያሪስ። አምስቱን ድል ስለማውቅ አይደለም፤ ጎረቤቴ ሊሸጣት ሲል ዋጋዋ ተስማማኝ።