ኮርች ቅጠሉን የሚያራግፈው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ሲሆን የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በሚኒባስ እወርዳለሁ፤ ማታ እመለሳለሁ። ከመደበኛ ሥራዬ ሌላ ከባለቤቴ ጋር የከፈትነው ትንሽ ሱቅ አለ፤ ሁለት እቁብ እጥላለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ሁሉንም የጀመርኩት ወድጄ ነው፤ አሁን ግን ልጆቼን የማያቸው ተኝተው ነው። ከተፈጥሮ ተምረው ኑሯቸውን ስላቀለሉ ሰዎች ሳነብ ልቤ ይነሣሣል፤ ይሁን እንጂ የምሄድበት እርሻም ሆነ ጫካ የለኝም። እንደ እኔ ላለ የከተማ ሰው ተፈጥሮ በእውነት የምታስተምረው ነገር አለ? እስካሁን ለመተው የወሰንኩት ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣትን ብቻ ነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጫካ የለኝም ማለትዎ አስገርሞኛል፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሐረጎን ተራራ የሚያቋርጡ ሰው ነዎትና። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ደሴ ላይ በጉም ውስጥ ደርበው የተሳፈሩትን ሹራብ ኮምቦልቻ ሲደርሱ የሚያወልቁት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያች አጭር ጉዞ ጥዱና ባሕር ዛፉ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ግራሩ ይመጣል። ይህን ሁሉ ስልክዎን እያዩ የሚያልፉት ከሆነ፣ መጀመሪያ የምለምንዎ ስልኩን ኪስዎ ውስጥ እንዲያስቀምጡ ነው።

ወደ ሩቅ ቦታ መሄድም አያስፈልግዎትም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2019 በእንግሊዝ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችን መልስ መሠረት አድርጎ የወጣ ጥናት፣ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች ጤንነታቸውም ሆነ የኑሮ እርካታቸው ጥሩ እንደሆነ የመናገር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ ጊዜው በአንድ ቀን ቢጠቃለልም ሆነ ለብዙ አጫጭር ቆይታዎች ቢከፋፈል ልዩነት አልተገኘበትም። እንዲህ ያለው ጥናት አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ሃያ ደቂቃ ብቻ ላለው ሰው ተስፋ ይሰጣል።

እኔን ያስተማረኝ አንድ የኮርች ዛፍ ነው። ከዓመታት በፊት ከቀን ሥራዬ ሌላ ምሽት ምሽት አስተምር ነበር፤ እንደ እርስዎ ወድጄ የጀመርኩት ሥራ ነበር። አንድ እሁድ በበጋው አጋማሽ ወደ ገራዶ ወርጄ ሳለ ከአንድ ገበሬ አጥር ጋር የቆመ ኮርች አየሁ። አንድም ቅጠል አልነበረበትም፤ እሾሃማ ግንዱና ቅርንጫፎቹ ብቻ ቀርተዋል፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ግን ፍም የመሰለ ቀይ አበባ ነበር። ምንቃሯ ቀጠንና ጎበጥ ያለ አንዲት ትንሽ ወፍ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው እየዘለለች ትመጥጥ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ኮርችን የማውቀው ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል የሚጸድቅ፣ ለአጥር የሚሆን ዛፍ መሆኑን ብቻ ነበር።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ ውኃ ከዛፍ በብዛት የሚወጣው በቅጠሉ በኩል ነው፤ ምድሩ ሲደርቅ ቅጠሉን ይዞ መቆየት ዛፉን ያከስረዋል። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ግን ቅጠል ለዛፉ መጥፎ ነገር አለመሆኑን ነው። ምግቡን የሚሠራለት ቅጠሉ ነው። ኮርች የሚያራግፈው ጥሩውን ነገር ነው፤ የሚያራግፈውም ወቅቱ ስላልሆነ ብቻ ነው። እኛ ኑሮን ለማቅለል ስናስብ የማይረባውን ነገር እየፈለግን ለመጣል እንሞክራለን፤ በእርስዎ ዝርዝር ውስጥ ግን የማይረባ ነገር የለም። ሱቁም፣ እቁቡም፣ ትምህርቱም ጥሩ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዎ «የትኛው አይጠቅመኝም?» ሳይሆን «ልጆቼ ትንንሽ በሆኑበት በዚህ ወቅት የትኛው ለጊዜው ይቅር?» መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። እኔ የማታውን ማስተማር ተውኩ፤ ገቢዬ ቀነሰ፤ የመጀመሪያዎቹ ወራትም ቀላል አልነበሩም። ልጄ ማንበብ ስትለምድ ግን አጠገቧ ነበርኩ።

ቡናውን ለመተው መወሰንዎን አልደግፍም። ኮርች ቅጠሉን እንጂ ሥሩን አይተውም፤ በወሎ ደግሞ ከጎረቤት ጋር የሚጠጣ ቡና ሥር ነው። ሲታመሙ ቀድሞ የሚደርስልዎ፣ ልጅዎን ከመንገድ የሚመልስልዎ ያ ጎረቤት ነው። ብዙ ሰው ኑሮውን ሲያቀል መጀመሪያ የሚቆርጠው ገንዘብ የማያስገኘውን ነገር መሆኑ ያሳዝነኛል።

ለጊዜው ምን እንደሚተዉ ለመወሰን አይቸኩሉ፤ ከባለቤትዎም ጋር ይምከሩበት። እኔ ብሆን ከትምህርቱና ከሱቁ አንዱን ለሌላ ጊዜ አሳድር ነበር፤ የትኛውን እንደሆነ ግን የቤታችሁን ሒሳብ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከእቁብ ደግሞ በመሐል አይውጡ፤ ዙሩ የሌሎችም ገንዘብ ነው። ዛፍም ቅጠሉን የሚጥለው በውስጡ ካለው ንጥረ ነገር ለራሱ የሚሆነውን ወደ ቅርንጫፉ ከመለሰ በኋላ ነው፤ ከመውደቁ በፊት ቢጫ የሚሆነውም ለዚህ ነው። እርስዎም ዙሩን ይጨርሱ፤ ለጊዜው የሚቀረው ሱቁ ከሆነ የዱቤውን ደብተር ከየደንበኛው ጋር ይተሳሰቡ፤ ትምህርቱ ከሆነ ደግሞ ሲመለሱ የተማሩት እንዳይባክን ስለማቋረጥ ያለውን ደንብ አስቀድመው ይጠይቁ።