ዓሣ፣ ባክቴሪያና ኮምፒውተር በአንድ ቤተ ሙከራ

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለማስተርስ የዝግመተ ለውጥ ጂኖሚክስ (ሕያዋን በዘመናት እንዴት እንደተለወጡ ከሙሉ ዲኤንኤያቸው የሚያጠና ዘርፍ) ላብ፣ ማለትም ቤተ ሙከራ፣ እያፈላለግኩ ነው። የአንዱን ላብ አባላት የምርምር ፍላጎት ሳነብ ዞረብኝ። አንዷ ዓሣ ታጠናለች፣ ሌላው ባክቴሪያ፣ ሦስተኛው ከኮምፒውተር አይነሳም። ምን አገናኛቸው? እኔ ኮድ መጻፍ እወዳለሁ፤ እንስሳ መንካት ግን አይሆንልኝም። ቦታ ይኖረኛል?
ግራ የገባት ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ባለ ላብ ውስጥ ሠርቻለሁ። እንስሳውን ተዪውና ጥያቄውን እዪ። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ይህን ልዩነት ያመጣው የትኛው የዲኤንኤ ለውጥ ነው?

ስቲክልባክ የምትባል ጣት የምታህል ዓሣ አለች። ባሕር ውስጥ የምትኖረው ጎንና ጎኗ በአጥንት ጋሻ የተሸፈነ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ ከ30 በላይ። አጥንት የሚያቀላ ቀለም ውስጥ ተነክራ ስትወጣ ጋሻዎቹ አንድ በአንድ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የበረዶ ዘመን ሲያበቃ ሐይቅ የገቡት ዘመዶቿ ግን ጥቂት ብቻ ነው የቀራቸው። በጣም በተራራቁ ሐይቆች ይኸው ሆነ። ዋናው ጉዳይ ያለው ደግሞ ኢዲኤ በሚባል አንድ ጂን ላይ ነው።

ባክቴሪያ የሚመረጠው ቶሎ ስለሚራባ ነው። ሪቻርድ ሌንስኪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ኢ. ኮላይ የሚባለውን የአንጀት ባክቴሪያ በ12 ብልቃጥ ማራባት ጀመረ። በየ500 ትውልዱ ናሙና ፍሪዘር ይገባል። ከ31,000 ትውልድ በኋላ የአንዱ ብልቃጥ ባክቴሪያዎች ኢ. ኮላይ ኦክስጅን ባለበት በተለምዶ የማይበላውን ሲትሬት የተባለ ንጥረ ነገር መብላት ቻሉ። የቀዘቀዙ ቅድመ አያቶችን ቀስቅሶ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ማወዳደር የት ይገኛል?

ሦስተኛው ያንቺ ቢጤ ነው። ውሻ ቫይታሚን ሲን ራሱ ይሠራል፤ እኛ፣ ጦጣና ዝንጀሮ ግን ጂኑ ተበላሽቶብናል። ጊኒ ፒግም ለብቻዋ ያው ጂን ተበላሽቶባታል። ይህን ለማየት ማንንም እንስሳ አትነኪም፤ ጂኖሞቹን፣ ማለትም የየእንስሳውን ሙሉ የዲኤንኤ ጽሑፍ፣ በነፃ አውርደሽ ማነጻጸር ነው። እርግጥ አብዛኛው ጊዜሽ ዳታ በማጽዳት ያልፋል። ይህን ማንም ፍላጎቴ ብሎ አይጽፈውም!

ስለዚህ ቦታማ አለሽ። ለፕሮፌሰሩ «ጂኖሚክስ በጣም እወዳለሁ» ብለሽ ብቻ አትጻፊ፤ ከላቡ የቅርብ ጽሑፎች አንዱን አንብቢና ያልገባሽን ጠይቂ። ተማሪዎቹንም አነጋግሪ፤ አማካሪው ረቂቅ አንብቦ ለመመለስ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ከገባሽ በኋላ ደግሞ፣ ባትነኪም፣ ናሙና ሲወሰድ አንዴ ቆመሽ እዪ። ሁለት ቱቦዎች ስማቸው ሲቀያየር ጣጣው የሚወጣው አንቺ ኮምፒውተር ላይ ነው።